ቆጣቢን ቁጠባ ማስተማር

ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚመክር ሰው ሁሉ ንግግሩን የሚከፍተው «እኛ ኢትዮጵያውያን የቁጠባ ባህል የለንም» ብሎ ነው። ባለዕዳው ራሱ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ይቀበለዋል። ከዚያ የተለመደው ምክር ይከተላል፤ ማኪያቶ ቀንሱ፣ ከደመወዛችሁ ጥቂት ባንክ አስገቡ፣ ከብድር ራቁ። ይህ አባባል ከስሕተትም ያለፈ ነው፤ ከወር ወር እየተሳቀቀ የሚኖረውን ቤተሰብ መዝለፍ ነው።

ጤፉን ከማሽላ ቀላቅሎ የሚያስፈጭ፣ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ እያስለካ የሚገዛ፣ የታላቁን ዩኒፎርም አጥብቦ ለታናሹ የሚያለብስ ቤት በምን ሚዛን አባካኝ ተባለ? ሚዛኑ የባንክ ደብተር ስለሆነ ነው። ደብተሩ ላይ ብር ከሌለ ቁጠባ የለም ይባላል፤ እቁብ ከነብዙ ገንዘቡ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጥሉበትን እቁብ እንመልከት። በየሳምንቱ 20,000 ብር ይሰበሰባል፣ እጣ ይወጣል፣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ብሩን ይወስዳል። ፍሪጅ መግዛት የፈለገ ሰው ያንኑ 1,000 ብር ለብቻው ቢያጠራቅም 20 ሳምንት መጠበቁ ግድ ነው። እቁብ ውስጥ ግን 20 ሳምንት የሚጠብቀው የመጨረሻው ባለ እጣ ብቻ ነው፤ 19ኙ ቀድመውት ያገኛሉ። ማንም አልተጎዳም፣ ወለድ የከፈለም የለም።

አሁን ምክሩን ሰምቶ ብሩን ባንክ የሚያስገባውን ሰው ደግሞ እንከተል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በ7 በመቶ ቢሰላ ይህ ሰው በ20 ሳምንት የሚያገኘው ወለድ 250 ብር ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በዚያ አካሄድ የ20,000 ብር ፍሪጅ በእነዚያው ሳምንታት ከ2,000 ብር በላይ ይጨምራል። ምክር ሰሚው ቆጥቦ ቆጥቦ ፍሪጁ አጠገብ ሳይደርስ ይቀራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እጁ የገባውን ብር ቶሎ ብሎ በስፌት መኪና፣ በቆርቆሮ፣ በሱቅ ዕቃ የሚለውጠው እቁብተኛ ከመካሪዎቹ ይልቅ ዘመኑ ገብቶታል።

ሌላም ነገር አለ። ባንክ ያለ ብር ዘመድ በተቸገረ ቁጥር ይወጣል፤ መከልከል ጭካኔ ነውና። የእቁብ ብር ግን ቀድሞ ስለተጣለ እጅ ላይ የለም። «እቁብ አለብኝ» ያለን ሰው የሚቀየመው የለም። አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ለነገ ያሰበውን ገንዘብ ከዛሬ ችግር የሚያድንበት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

«ከብድር ራቁ» የሚለውም ምክር እዚሁ ላይ ይፈርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ለደረሰው ሰው እቁቡ ብድር ነው፤ ለመጨረሻው ቁጠባ ነው። አንዱ ተበዳሪ ካልሆነ ሌላው ቆጣቢ ሊሆን አይችልም። ዕዳ ቤት የሚያፈርሰው ሰው ለብቻው ሲሸከመው ነው። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር በስልክ ያበድራል፤ ብሩ በደቂቃ ይደርሳል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይታሰብበታል። ግን ዋስ አይጠራም፣ ጎረቤት አያውቅም፣ «ቆይ፣ ይህን ያህል ምን ያደርግልሃል?» የሚል የእቁብ ዳኛም የለም። እኔን የሚያሰጋኝ ይህ ብቸኝነት ነው።

እቁብ ደርሶት የጠፋ አለ ይባላል። አለ፤ ዋስ የሚጠራውም ለዚሁ ነው። ብሩን ለሠርግ ያዋለም አለ። ቢያንስ አራጣ ሳይበደር ደግሷል።

እንግዲህ በዕዳ የሚሰምጠው ማነው? የሚቆጥበው ነገር ያጣ ሰው ሳይሆን ዋስ የሚሆነው ያጣ ሰው ነው። ሊስትሮውና ጉልት ቸርቻሪዋ ሳይቀሩ የቀን እቁብ ይጥላሉ፤ የገቢ ማነስ አላገዳቸውም። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ፈርሶ ከአዲስ አበባ መሀል፣ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ከተማው ዳር የሰፈረው ቤተሰብ ግን ምትክ ቤት ቢያገኝም ምትክ ጎረቤት አልተሰጠውም። እድሩ ተበተነ፣ እቁቡ ፈረሰ፣ በዱቤ ደብተሩ ላይ ስሙን የሚጽፍለት ባለ ሱቅም የለም። ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ ድሮ 20 ሰው ሆኖ የሚወጣውን ዳገት አሁን ለብቻው ነው የሚወጣው። ለዚህ ቤተሰብ ከየትኛውም የዋጋ ጭማሪ ይልቅ የከበደው የሰፈሩ መፍረስ ነው። ከተማው ሰው ሲያነሣ አንድን እድርና አንድን እቁብ ሳይበትን ወደ አንድ ብሎክ ቢያዛውር፣ ከሚሰጠው የቁጠባ ሥልጠና ሁሉ በላይ ዕዳን ይከላከላል።