መርጫው ሲያርፍ ባትሪው አይረሳ

ለዘገባ በወጣሁባቸው ቀበሌዎች ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። በቤት ጥግ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የኬሚካል መርጫ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ታንከሩ አልተሰነጠቀም፣ ቱቦው አያፈስም፣ ሞተሩም ደህና ነው። ለምን እንደቆመ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞተ»። ባለቤቱም በእጅ ወደሚሠራው መርጫ ይመለሳል፤ አለዚያ የጎረቤቱን መርጫ ተራ ይጠብቃል። አረም ግን ተራ አይጠብቅም።

በእኔ እምነት ከእነዚህ ባትሪዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በሥራ ብዛት ሳይሆን ሥራ በሌለበት ወቅት ነው።

በርካታ መርጫዎች የሚሠሩት 12 ቮልት በሆነ የታሸገ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ኃይሉ አልቆ ሲቀመጥ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ጠጣር ነገር ይጋገራል፤ ከቆየ ደግሞ ቻርጅ ቢደረግም አይለቅም። በመስከረም ረጭቶ ባዶውን ያስቀመጠ ሰው በሰኔ ሲያነሳው ዘጠኝ ወር አልፎታል። ሙቀት ሲታከልበት ጉዳቱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ለቆላ ወረዳዎች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመርጫው ግፊት ሲደክም ጨርሶ እስኪቆም አለመሥራት፣ ከርጭት እንደተመለሱም በዚያው ቀን ቻርጅ ማድረግ ይገባል። ወቅቱ ሲያበቃ ባትሪውን ሞልቶ፣ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ፤ ከዚያም በታኅሣሥና በመጋቢት እንደገና መሙላት ነው።

አሞላሉም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አብሮ የመጣው ቻርጀር ከጠፋ የመኪና ባትሪ መሙያ ማገናኘት አደገኛ ነው። 8 አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ባትሪ በአብዛኛው ከ2 አምፔር ብዙም ያልበለጠ ኃይል ነው የሚችለው። «12 ቮልት» የሚባል የሶላር ሰሌዳም በፀሐይ ከ17 ቮልት በላይ ሊሰጥ ስለሚችል ያለ መቆጣጠሪያ በቀጥታ አይገናኝም። ሊቲየም ባትሪ ያላቸው መርጫዎችም ስላሉ የአንዱን ቻርጀር ለሌላው ከመጠቀም በፊት የባትሪውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

«የታሸገ» ማለት ጋዝ አያወጣም ማለት አይደለም። ከመጠን በላይ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣዋል። ስለዚህ በምድጃ አጠገብ፣ በተዘጋ ሳጥን ወይም በመኝታ ክፍል ቻርጅ አይደረግም። ካበጠ ወይም እጅን እስኪያቃጥል ከጋለ ወዲያው ነቅሎ መተው ነው። ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ማነካካት፣ በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ መጠምዘዝም እሳት መጥራት ነው። አሲድ ሰውነትን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ መታጠብ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ይገባል።

የሞተው ባትሪም ሌላ ጣጣ አለው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ባትሪውን በጓሮ መስበር፣ እርሳሱን በቤት ማቅለጥ ወይም በወንዝ ዳር መጣል ልጆችን መመረዝ ነው።

ይህን ሁሉ ለአርሶ አደሩ ብቻ ጥሎ መሄድ ግን ፍትሐዊ አይደለም። መርጫ የሚያከፋፍሉ ወረዳዎችና ማኅበራት ስንት መርጫ እንደሰጡ በሪፖርት ያሰፍራሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ስንቱ እንደሚሠራም አብረው ሊመዘግቡ ይገባል። የልማት ባለሙያው መርጫውን ሲያስረክብ አሞላሉን በተግባር ያሳይ። መብራት ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች መቆጣጠሪያ ያለው የሶላር መሙያ በማሠልጠኛ ማዕከሉ ቢቀመጥ በየሦስት ወሩ ባትሪ መሙላት አይከብድም። ማኅበራትም መለዋወጫ ባትሪ ሲሸጡ አሮጌውን ተቀብለው በአንድ ቦታ ያከማቹ፤ ወረዳውም ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በአግባቡ የሚወገድበትን መንገድ ያመቻች።

ለመርጫው የወጣው ገንዘብ የአርሶ አደሩ ላብ ነው። በዓመት ሁለት ቀን ቻርጅ ባለማድረግ ብቻ መጋዘን ውስጥ ሊቀር አይገባም።