የሽምብራ ዓሣና የፈረንጅ በጋ

እኛ በነሐሴ መጀመሪያ ካፖርታችንን ደርበን ጾመ ፍልሰታን ስንቀበል፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወራቱ በጋ ነው። ሰዉ በየግቢውና በየመናፈሻው ፍም አያይዞ ከወዳጆቹ ጋር እየጠበሰ ይበላል። ልማዱ ከጥንት ጀምሮ የሥጋ ልማድ ሆኖ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ዛሬ ከተጋባዦቹ መካከል ሥጋ የማይበላ ሰው መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጋባዡም ስለ እርሱ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ለዚህ ሰው የሚቀርበው ምግብ ከማን ሱቅ ይገዛ የሚለው ጥያቄ የእኛ ነጋዴዎች ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዱ ሥጋን የሚተወው ለጤናው፣ አንዳንዱ ለሃይማኖቱ፣ አንዳንዱም ለምድሪቱ በማሰብ ነው። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ባዶ ወሬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመና በ119 አገሮች የሚገኙ 38,000 ያህል እርሻዎችን የመረመረ ጥናት፣ የከብት ሥጋ አየሩን በመበከል ከአተርና ከመሰሎቹ ጥራጥሬዎች እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል።

ቢዮንድ ሚት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከአተር ፕሮቲን የሠራውን በርገር በሥጋ መደርደሪያ ላይ ከሥጋው ጎን አስቀምጦ መሸጥ ሲጀምር፣ ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው። እናቶቻችን ግን የሽምብራ ዱቄት በዘይት አሽተው፣ በዓሣ መልክ ቀርጸውና ጠብሰው በወጥ ውስጥ ሲያቀርቡልን ማንም ግኝት አላለውም፤ የሽምብራ ዓሣ ተብሎ ተበላ፤ ነገሩም በዚያ አበቃ። ጥበቡ በእጃችን እያለ ንግዱን ሌላው ቀደመን። ሀብት ጎድሎን ነው እንዳይባል፣ አገራችን በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። በአድዓና በምንጃር ገበሬው ሽምብራውን የሚዘራው በዝናቡ ማብቂያ፣ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ነው፤ አዝመራውም መሬቱን በናይትሮጅን ያዳብራል። ይህን ሁሉ በሥዕልና በጥቂት ቃላት በከረጢቱ ላይ ጽፎ ቢሸጥ የበጋው ደጋሽ በደስታ የሚያነበው ነበር። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንልከው ጥሬውን በጆንያ ነው።

የሰሊጡም ነገር እንዲሁ ነው። ወደ እስራኤል የሚሄደው ሰሊጣችን እዚያ ተፈጭቶ ጣሂና ይሆናል፤ በፍም በተጠበሰ ደበርጃን ላይም ይፈስሳል። በአንዳንዱ ብልቃጥ ላይ «ሁመራ» የሚለው ስም ለጥራት ምስክር ሆኖ ተጽፎ ይታያል። ስሙ የእኛ፣ ፋብሪካው የሌላ ሰው ነው።

ለመሆኑ ለፍም ዳር ምን ልናቀርብ እንችላለን? ሽሮን ወፈር አድርጎ በዘይት አብስሎ፣ በትሪ ላይ አቀዝቅዞ፣ ቆራርጦ በተቀባ ብረት ላይ መጥበስ ይቻላል። ሞክሬዋለሁ፤ ሽሮው ቀጭን ከሆነ ግን ይፈርስና ለፍሙ ብቻ ይተርፋል። ቡጢቻና አዚፋ ሳይሞቁ የሚቀርቡ ናቸውና ከጥብሱ ጎን ይስማማሉ። ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የማደርገው በማባያዎቻችን ነው፤ አዋዜ፣ ዳጣና ስልጆ በብልቃጥ ታሽገው ቢቀርቡ፣ ለተጠበሰ ሽንኩርት፣ ድንችና እንጉዳይ ከእነርሱ የሚሻል ማባያ አላውቅም።

እዚህ ላይ ግን ነጋዴው የማይወደውን ነገር መናገር ግድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የቁጥጥር ደንብ መሠረት፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣው በርበሬና ሌላው ቅመም ለአፍላቶክሲን፣ ሰሊጡም ለሳልሞኔላ በወደብ ላይ ተደጋጋሚ ምርመራ ከሚደረግባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ገብተዋል። አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ በርበሬው ሳይደርቅ ሲከመርና በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ ይበረታል፤ በማመስም ፈጽሞ አይጠፋም። ምርመራው የላኪውን ዕቃ ያዘገያል፤ ወጪውንም ያበዛል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን የፈረንጅ ምቀኝነት ይሉታል። በእኔ በኩል መርዙ የሚቀመሰው በመጀመሪያ በገዛ ቤታችን ድስት ስለ ሆነ ምቀኝነቱ አይታየኝም። ደግሞም የጽሕፈቱ ነገር አለ፤ ሰናፍጭና ሰሊጥ በአውሮፓ ኅብረት፣ ሰሊጥ ደግሞ ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ በመለያው ወረቀት ላይ አለርጂ አስከታይ ተብለው መገለጥ አለባቸው። ሰናፍጩ ያልተጻፈበት ስልጆ ከመደርደሪያ ይነሣል።

ፍሙም ሊታሰብበት ይገባል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰለው ባህላዊ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2012 (እ.ኤ.አ.) የሶማሊያን ከሰል ንግድ መከልከሉ ይታወሳል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው የደን ደንብ፣ የሥራ ላይ መዋያው ቀን ቢራዘምም፣ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ከተመነጠረ ደን የተገኘ ከሰል እንዳይገባ ወስኗል። ስለዚህ ዛፍ ቆርጦ ከሰል ለመላክ የሚያስብ ካለ በዚህ ገበያ ላይ አይመካ። ከቡና ገለፈት ተጨፍልቆ የሚሠራው ከሰል ግን ሊታሰብበት የሚገባ ዕቃ ነው።

ባለሱቆችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በየመንገዱ ዳር በክረምት በቆሎ እሸት የሚጠብሱት እናቶች ሥጋ የሌለበትን የፍም ጥብስ ከማንም በፊት የሚያውቁ ናቸው፤ ትርፋቸውን የሚበላው ከሰሉ ነው። ከሰል የሚሸጠው ባለሱቅ ከጆንያው አጠገብ ላቀች ምድጃን ቢያስቀምጥ፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ስለሚፈጅ፣ ደንበኛው ነገም ተመልሶ ለመግዛት ዐቅም ይኖረዋል።

ለበጋው ድግስ የሚሆን ዕቃ በግንቦት ከውጭ አገር ሱቆች መድረስ ካለበት፣ በመጋቢት መጫን ይኖርበታል። የማረቆና የሀላባ በርበሬ የሚሰጣው ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በመጪው ኅዳር ገዥዎቻችን ወደዚያ ሲወርዱ ከገንዘቡ ጋር የማድረቂያ አልጋና ንጹሕ ሸራ ይዘው ቢሄዱ፣ ምክር ቤቱም ለናሙና ምርመራው ወጪ አባላቱን በማኅበር ቢያስተባብር እጠይቃለሁ።