ያልተመለሰ ደብዳቤ

አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ ልዩ አንጻራዊነት ያሳተመው ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝር የለውም። በመጨረሻው አንቀጽ ግን ወዳጁንና የሥራ ባልደረባውን ሚሼል ቤሶን ያመሰግናል። ሁለቱም በርን ከተማ በሚገኘው የፓተንት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪዎች ነበሩ፤ ከሥራ ሲወጡ አብረው እየተጓዙ ስለ ፊዚክስ ይወያዩ ነበር። በኋላ በአገር ቢራራቁም መጻጻፋቸውን አልተዉም፤ በ1955 በአንድ ወር ገደማ ልዩነት ዐረፉ።

ይህን ለተማሪዎቼ በተረክሁ ቁጥር ራሴን እታዘባለሁ። በመጀመሪያ ዲግሪ ዘመኔ አንድ የቤተ ሙከራ ጓደኛ ነበረኝ። በፔንዱለም የመሬትን ስበት ስንለካ ውጤቱ 9.8 አልመጣ ሲል እኔ ቁጥሩን ለማቃናት እቸኩላለሁ፤ እርሱ «እንደገና እንለካ» ይላል። (ሰዓቱን ዘግይቼ የማቆመው እኔ ነበርሁ።) ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ስሄድ ለጥቂት ጊዜ ተጻጻፍን። የመጨረሻውን ደብዳቤ ሳልመልስ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጠብ አልነበረንም፤ ሥራ በዛብኝ፣ ያው ነው።

ዛሬ እኛ መምህራን የምንመዘነው ባሳተምነው ጽሑፍ ብዛት ነው። ኮሪደር ላይ ሰላምታ ተለዋውጠን ወደየቢሮአችን እንገባለን። ስሌቴን ተመልክቶ «ተሳስተሃል» የሚለኝ ባልደረባ ካገኘሁ ሰንብቻለሁ፤ ይህም ከብቸኝነቱ ይልቅ ለሳይንሱ ያሳስበኛል። የባልደረባን ረቂቅ ማንበብ ለዕድገት እንደ ሥራ ሊቆጠር ይገባል ባይ ነኝ።

ጓደኛዬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንደሚያስተምር ሰምቻለሁ። መልሱን ጀምሬዋለሁ፤ ከሰላምታው ግን ገና አላለፍሁም።