ኦዲተር በርካሽ ሲገኝ የሚያጨበጭቡ ባለአክሲዮኖች

የአክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የታደመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባለአክሲዮኑ ግማሽ ቀን በትርፍ ድርሻና በቦርድ ምርጫ ሲከራከር ይቆያል። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ «የውጭ ኦዲተር መሾምና ክፍያውን መወሰን» የሚለው አጀንዳ ይመጣል። እጅ ይወጣል፣ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። «አወዳድረን ዝቅተኛውን ዋጋ መርጠናል» ከተባለማ ጭብጨባም አይጠፋም።

የሚጨበጨበው ለምኑ ነው?

የኦዲት ክፍያ እንደ ሲሚንቶ በኩንታል አይተመንም። የሚገዛው የባለሙያ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የሚወስኑት ነገሮችም የታወቁ ናቸው፦ የድርጅቱ ስፋት፣ የቅርንጫፎቹ ብዛት፣ የተሰብሳቢ ሂሳቡና የመጋዘን ዕቃው መጠን፣ የውስጥ ቁጥጥሩ ጥንካሬ፣ የማጭበርበርና የኪሳራ ስጋቱ። ሰነዱን አደራጅቶ የሚጠብቅ ድርጅት ቶሎ ይመረመራል። ደረሰኙን በካርቶን ሞልቶ የሚያስረክብ ደግሞ ብዙ ቀን ይፈጃል።

ስለዚህ አንድ ባንክ ቅርንጫፎቹን ሲያበዛ፣ ብድሩ ሲያድግ፣ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃም ሊበላሽ የሚችለውን ብድር አስቀድሞ እንዲገምት ሲያስገድደው የኦዲት ክፍያው ካልጨመረ መጠርጠር ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ሰዓቱ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ይቀርና ጀማሪ ይላካል። ናሙናው ያንሳል፣ ቅርንጫፍ መጎብኘት ይዘለላል። ፊርማውና ማኅተሙ ግን አይቀየሩም።

«ውድድር ዋጋ ቢቀንስ ምን ክፋት አለው?» የሚሉ አሉ። ወንበር የሚገዛ ሰው ዕቃውን ነካክቶ ያያል። የኦዲት ጥራት ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ድርጅቱ ሲወድቅ ነው።

ክፍያው መብዛቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤንሮን ለኦዲተሩ ለአርተር አንደርሰን ለኦዲት 25 ሚሊዮን፣ ለማማከርና ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። በማግስቱ ዓመት ኤንሮን ከሰረ፣ አንደርሰንም ተከትሎት ወደቀ። አሜሪካ በ2002 ባወጣችው የሳርቤንስ ኦክስሌይ ሕግ ኦዲተሩ ለሚመረምረው ኩባንያ ብዙ ዓይነት የማማከር ሥራ እንዳይሠራ ከለከለች። ክፍያውን የመወሰን ሥልጣንንም ለቦርዱ ኦዲት ኮሚቴ ሰጠች።

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መነሻነት የተቋቋመ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አለ። የአክሲዮን ማኅበርን ኦዲተር የሚሾመው ግን ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ባለአክሲዮኑ ሥልጣኑን ይዞ በእጅ ማውጣት ብቻ ይሸኘዋል።

እጅ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ኦዲቱ ስንት የሥራ ሰዓት ተመድቦለታል? የሚሠሩት ባለሙያዎች ምን ያህል ልምድ አላቸው? ከዚሁ ኦዲተር ሌላ ምን አገልግሎት ይገዛል? እነዚህ ሳይመለሱ «ዝቅተኛ ዋጋ» የሚል የቦርድ ሪፖርት ምንም አይናገርም። የርካሽ ኦዲት ቀሪ ሂሳብ ዘግይቶ ይመጣል፤ የሚከፍለውም ያን ዕለት ያጨበጨበው ሰው ነው።