ለጢሴ የተተከለ ችግኝ

ባሕር ተሻግሬ ለመመለስ የአውሮፕላን ትኬት ስቆርጥ «ጥቂት ቢጨምሩ ለጢስዎ ዛፍ እንተክላለን» ተባልሁ። ከፈልሁ፤ ዛሬ አፍርበታለሁ።

አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲነድ ከ3 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የሚወጣውም በዚያው ቅጽበት ነው። ችግኙ ግን ያንን ለመምጠጥ ዐሥርት ዓመታት ይፈልጋል፤ ያውም ፍየል ካልቀነጠበው፣ በጋው ካላደረቀው፣ ለማገዶ ካልተቆረጠ። እንዲህ ያለ መያዣ የሚቀበል አበዳሪ የት አለ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል አጨበጨብን፤ የጸደቀውን ለመቁጠር ግን ያን ያህል አልቸኮልንም።

እስቲ ወደ ጋይንት፣ ወደ ድጓ ምስክር ቤቷ ወደ ቤተ ልሔም እንውጣ። የጥንቱ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በእግሩ ነበር የሚደርስባት። በደቡብ ጎንደር ከእርሻና ከግጦሽ የተረፈው ነባር ደን አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቆመው ነው። ጥዱንና ወይራውን ያቆያቸው ክብር ነው፤ የመንገደኛ ሣንቲም አይደለም። ዛሬ ከብት እየገባ ቡቃያውን ይረግጠዋል፤ የድንጋይ ካብ የታጠረለት ግን ያገግማል።

እንግዲያስ ገንዘቤ ለካቡ ይሁን። ስጦታ እለዋለሁ እንጂ ሥርየት አልለውም። ከዘንድሮ ሁለት በረራዎቼም አንዱን ሰርዣለሁ።