ጽጽቃ የሚያድር ፒክአፕ እንፈልጋለን

ደብል ጋቢና ፒክአፕን የማያውቅ የዚህ አገር ሰው የለም። ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው። በሩ ላይ የሆነ ፕሮጀክት አርማ ተለጥፎበታል። ጋቢናው ውስጥ አምስት ሰው ይሳፈራል፤ ካሶኒው ላይ ትርፍ ጎማና አንድ ጀሪካን ነዳጅ፣ ሲመለስ ደግሞ ምናልባት ሁለት ኬሻ ከሰል። መኪናው የሚገዛው ‹‹ለገጠር ሥራ›› ተብሎ ነው። ገጠር ግን አያድርም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከተማ ለመግባት አቧራውን እያስነሳ የሚከንፈው ያው ለገጠር የተገዛው መኪና ነው።

የኛ ጠብ ከዚህች ነገር ጋር ነው።

ጽጽቃን እንውሰድ። ጽጽቃ የዝቋላ ወረዳ ከተማ ናት። (የቢሾፍቱው ዝቋላ አይደለም! ለአዲስ አበባ ልጅ ይህንን አስቀድሞ መንገር ግድ ነው።) የምትገኘው ዋግ ኽምራ ውስጥ ነው፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከሰቆጣ ተነስታችሁ ወደ ተከዜ ቆላ ስትወርዱ። ዝናቡ አጭርና ከዳተኛ ነው። የገበሬው ባንክ ፍየል ናት። በ2016 ዓ.ም. ዋግ ኽምራ በድርቅ ተመታ ሲባል ከሰማችሁ፣ የተባለው እንዲህ ስላለው አገር ነው።

አሁን ሂሳቡን ሥሩ። ከሰቆጣ ጧት የተነሳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጽጽቃን አልፎ ራቅ ያለ ቀበሌ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ፍየሎቹ ጫካ ናቸው። እናቶቹ ውኃ ወርደዋል። ፍየል የምትከተበው ጧት ከበረት ሳትወጣ ወይም ማታ ስትገባ ነው፤ እናትም ተረጋግታ ስለ ልጇ የምታወራው ማታ ምድጃ ዳር ነው። ባለሙያውና ሾፌሩ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ። ጥቂት ፍየል ይከተባል፣ የስብሰባ ፎቶ ይነሳል፣ ተመለስ። ‹‹ውሎ አበል›› የሚለው ቃል ራሱ ምሥጢሩን ያወጣዋል፤ ውሎ አለው እንጂ አዳር የለውም። (ደንቡ ለአዳርም እንደሚከፍል እናውቃለን። የቸገረው የሚታደርበት ነው።)

ባለሙያውን ሰነፍ ብለን ልንሰድበው አልተነሳንም። የት ይደር? አልጋ ቤት በሌለበት ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት ወለል ላይ፣ ከጊንጥ ጋር? እስቲ እኛ ካፌ ቁጭ ብለን የምንጽፈው እንሞክረው!

መፍትሔው ግን እዚያው የቆመው መኪና ጀርባ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆች ፒክአፓቸው ላይ ቤት አዝለው በረሃ ለበረሃ ሲዞሩ አይታችኋል። ‹‹ፖፕ አፕ›› ይሉታል፤ ተነሽ ጣሪያ እንበለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ካሶኒው ላይ ከጋቢናው ጣሪያ እምብዛም የማይበልጥ የአሉሚኒየም ወይም የፋይበር ቅርፊት ይቀመጣል። በጉዞ ላይ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ስለሚቆለፍ ነፋስ አይዘውም፣ ጠመዝማዛው ላይም መኪናውን አያንገዳግደውም። መኪናው ሲቆም መቆለፊያው ይፈታና ጣሪያው ወደ ላይ ይገፋል። የቤት መኪና የኋላ በር ሲከፈት ደግፎ የሚይዘውን የጋዝ ዘንግ ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ያሉ ዘንጎች ያነሱታል። ዙሪያውን ታጥፎ የነበረው ሸራ ይዘረጋል፣ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። ሁለት ሰው የሚተኛበት ቦታ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ጥግ ላይ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ። ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው፣ በተከዜ ሐሩር ላይ የዚህች ማቀዝቀዣ ትርጉም ይገባዋል። ቅርፊቱ ስፖንዳው ላይ በመያዣ ብረትና በቡሎን ስለሚታሰር መኪናውን መብሳት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። እህል መጫን ሲመጣ አራት አምስት ጎበዝ አንስቶ ያወርደዋል።

ክብደቱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ደብል ጋቢና ፒክአፕ ሰውም ዕቃም ተደምሮ የሚሸከመው እንደ ሞዴሉ አንድ ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። አምስት ሰው ብቻውን ሦስት ኩንታል ተኩል ይሆናል። ከተነሽ ጣሪያዎቹ ቀላል የሚባሉት ባዶአቸውን ሁለት ኩንታል አይሞሉም፤ አልጋ፣ ባትሪና ውኃ ሲገባ ግን ይከብዳል። ‹‹ባሌስትራ እንጨምርበታለን›› የሚል መካኒክ አይጠፋም። ባሌስትራ መጨመር የኋላውን መጎበጥ ይቀንሳል እንጂ ለመኪናው የተፈቀደለትን ጭነት አያሳድግም፤ ፍሬኑም አክሰሉም ያው የድሮው ናቸው። ስለዚህ ተሳፋሪው ሦስት ነው፤ ሾፌር፣ የጤና ባለሙያ፣ የእንስሳት ባለሙያ። ‹‹ለክትትልና ድጋፍ›› የሚጫኑት ሁለቱ ይውረዱ። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ጥቅም ብቻውን ወጪውን ይመልስ ነበር።

እዚህ አገር የሚሠራው የለም እንዳትሉን። ውይይት ታክሲን ረሳችሁት? ፒክአፕ ነበር እኮ! በያጆቻችን ካሶኒው ላይ ብረት አቁመው፣ ላሜራ አልብሰው፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ዘርግተው ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጠጡት። ሕዝቡም ዓይን ለዓይን ተያይቶ መሄዱን ሲያይ ‹‹ውይይት›› አለው። ያንን የሠራ እጅ ልጆች አሉት፤ ሶማሌ ተራ ዙሪያ ያሉ ጋራዦች ውስጥ ዛሬም ከተገለበጠ መኪና አዲስ መኪና የሚያወጡ ልጆች አሉ። የሚቀረው ጣሪያውን ማንሳት፣ ሸራውን በደንብ መስፋትና አቧራ የማያስገባ ጎማ ዙሪያውን መግጠም ነው። የዋግ አቧራ ደግሞ ዱቄት ስለሆነ ጎማው ላይ መቆጠብ አይቻልም።

‹‹ቅንጦት ነው›› የሚል ይመጣል። ደብል ጋቢናው ሲገዛ የት ነበር? በቆዳ መቀመጫና በአየር ማቀዝቀዣ ላይ ያልተነሳ ‹‹ቅንጦት›› የሚል ቃል ለአንድ ፍራሽና ለአንድ ሸራ ለምን ይነሳል? ሌላው ደግሞ ‹‹የመንግሥት ንብረት ቅርጹ አይለወጥም፣ ዓመታዊ ምርመራ አያልፍም›› ይላል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ነው ተፈትቶ የሚወርድ ቅርፊት የምንለው። ያ እንኳ ፈቃድ ካስፈለገው ፈቃድ ይጻፍለት። አምቡላንስ ሲሠራ፣ የባንክ ገንዘብ ማመላለሻ ሲሠራ ቅርጽ ይለወጣል አይደል?

ከበዱ ተቃውሞዎች ሁሉ የምንፈራው የጸጥታውን ነው። ዋግ በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት ያደቀቀው አገር ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈርሞ ገና እፎይ ሳይባል፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ብቻውን መንገድ ዳር የቆመ ነጭ መኪና ውስጥ ማንም ይተኛ አንልም። መኪናው የሚቆመው ጤና ኬላው ግቢ ውስጥ፣ የቀበሌው ሰው በሚያውቀውና በሚጠብቀው ቦታ ነው። መንገድ ሲዘጋ ጉዞው ይቀራል፤ ያኔ የውሎውም ጉዞ ይቀራልና ልዩነት የለውም። እንዲያውም ለመመለስ ሲባል በምሽት ገደል ለገደል መንዳት ራሱ አደጋ ነው፤ እሱን ግን ማንም ‹‹ጸጥታ›› ብሎ አይቆጥረውም።

ለምን ዋግ፣ ለምን አሁን? በሐምሌ 2007 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ለሰነዱ የሰጠው ስም ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› ነው። የፍየሏንም ብትሉ፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ የበግና የፍየሉ ደስታ መሰል በሽታ ቀጣዩ ሆነ፤ እሱን ለማጥፋት ዓለም የቆረጠው ዓመት እንዳጋጣሚ ያው 2022 ነው። የልጁ ወተትና የፍየሏ ክትባት አንድ በረት ውስጥ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ መኪና፣ በአንድ አዳር መድረስ ይቻላል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ትንሽ ነው። ለዋግ ከሚመደቡት መኪኖች አንዱ ብቻ ተነሽ ጣሪያ ይገጠምለትና ለአንድ የክትባት ዘመቻ ዝቋላ ይውረድ። በአንድ አዳር ስንት ፍየል ተከተበ፣ ስንት ሕፃን ተለካ፣ ስንት ሊትር ነዳጅ ተቃጠለ፤ ከውሎው ጉዞ መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ክረምት ሳይገባ ይሁን፤ ሸራው የሚያፈስ ከሆነ በመጀመሪያው ዶፍ ይታወቃል፣ ሰቆጣም ልብስ ሰፊ አይጠፋም።