ያለ ደረሰኝ የመጣ ቅናሽ ቅናሽ አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሚሞሪ ካርድ ነው። "አገር እንዲህ ሆና ይሄ ሰውዬ ስለ ሚሞሪ ያወራል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ።

መጀመሪያ ራሴን ላጋልጥ። እኔ የዕቃ ሱሰኛ ነኝ። አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል ፕሮሰሰሩን፣ የስክሪኑን ዓይነትና የባትሪውን መጠን ሳላይ አልተኛም። ከአጠና ተራ ታክሲ ይዤ ለሌላ ጉዳይ መርካቶ ብሄድ እንኳ የሞባይል ቤቶቹን መስታወት እያየሁ ግማሽ ቀን ይሄድብኛል። ሁለት ኤርፖድ እያለኝ ሦስተኛ የገዛሁት ዋጋው ስለወረደ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ ሌላውን ለመክሰስ አይደለም።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት አንድ ሥራ ይዤ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ረጲ፣ ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሌሊት ቤተሰባቸውን ያጡ አንዲት እናት ብዙ ከለመንኳቸው በኋላ ሊያናግሩኝ ፈቀዱ። ቡና አፈሉ። መጀመሪያ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሰፈሩ ተጫወትን። ቀስ እያሉ ወደዚያ ሌሊት ገቡ። ሁለት ሰዓት ያህል በካሜራ ቀረጽኳቸው። ስወጣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ እኔም ደህና አልነበርኩም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። የፋይሎቹ ስም በሙሉ ተደርድሯል። የመጀመሪያዎቹ አርባ ደቂቃዎች ተከፈቱ። የቀረው አልከፈት አለ። አንዱንም ቢሆን።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ሶፍትዌር የሚሠራ ወዳጄ ጋ ይዤው ሄድኩ። ሚሞሪውን ከዳር እስከ ዳር በዳታ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ እሱን ከፍቶ አስኬደው። ላዩ ላይ 512 ጂቢ የሚል የተጻፈበት ካርድ እውነተኛ መጠኑ 32 ጂቢ ሆኖ ተገኘ። የቀረው 480 ጂቢ ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሚሞሪ ውስጥ "መጠኔ ይህን ያህል ነው" ብሎ ለስልኩ ወይም ለኮምፒውተሩ የሚናገር ትንሽ መቆጣጠሪያ አለ። አጭበርባሪው እሱን እንዲዋሽ ያደርገዋል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ሁሉም ደህና ነው። ከሞላ በኋላ ወይ አዲሱ ፋይል በድሮው ላይ ይጻፍና ያጠፋዋል፣ ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል። ስሙ ግን ዝርዝሩ ላይ ይታያል። ስለዚህ የተበላሸብህን የምታውቀው የልጅህን ልደት፣ የእናትህን ቀብር ወይም የሰርግህን ቪዲዮ ልታይ ስትከፍት ነው።

እኚያን እናት ተመልሼ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። "ልጄ፣ እሱን ሁለተኛ አልናገረውም። የቻልኩት አንዴ ነው" አሉኝ። ዳግመኛ አልጠየቅኳቸውም። በእጄ የቀረው ስለ ልጅነታቸውና ስለ ሰፈሩ ያወጉኝ ብቻ ነው።

ከዚያ ሱቁ ጋ ሄድኩ። ሻጩ ፊቴን አላስታወሰም፤ ወይም እንዳላስታወሰ ሆነ። "ከኛ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ? ደረሰኝህን አሳየኝ" አለኝ። ደረሰኝ የለኝም። የለኝም ብቻ ሳይሆን፣ በገዛሁበት ቀን "በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ለአንተ በዚህ ይሁንልህ ብራዘር" ሲለኝ "ያለ ደረሰኝ ይሁን" ያልኩት እኔው ነኝ። ሌላ ቦታ ከተጠራው ዋጋ በግማሽ ስላገኘሁት እንደ ብልጥ እየተሰማኝ ነበር የወጣሁት።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ይህ ነው። እኛ ቅናሽ የምንለው አብዛኛው ነገር ቅናሽ አይደለም። ያለንን መብት ሸጠን በዋጋው ላይ ያገኘነው ልዩነት ነው። መብታችን ምን ያህል እንደሚያወጣ ስለማናውቅ በርካሽ እንሸጠዋለን።

መብት ስል ከአየር ላይ የያዝኩት አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ከዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሕግ ነው። ሕጉ እያለ በየሱቁ ግድግዳ ላይ የምናነበው ግን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ነው። ወረቀቱን እናያለን፤ እሺ ብለን እንከፍላለን።

አሥራ አምስቱን ቀን የሚያስቆጥርልህ ደግሞ ያ ደረሰኝ ነው። እሱን ከተውክ ቀኑም የለም፣ ሻጩም የለም፣ ዕቃውን የገዛኸውም አንተ አይደለህም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር አንረሳም። ያኔ የሰማነው ክርክር ሁሉ ስለ ግብር ነበር። መንግሥት ገቢዬ ቀረብኝ አለ፤ ነጋዴው አልቻልኩም አለ። እኛ ገዢዎች መሐል ቆመን እንደ ተመልካች አየነው። ደረሰኙ የእኛም ወረቀት እንደሆነ የነገረን አልነበረም። ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የስልኮችን መለያ ቁጥር እየመዘገበ ያልተመዘገበውን ከኔትወርክ የሚያግድ ሥርዓት ጀምሮ ነበር። በኋላ ቆመ። እሱም ሲነገረን የነበረው ስለ ኮንትሮባንድ ነው። ተመሳስሎ የተሠራ ስልክ በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ማን ጋ ሄዶ ገንዘቡን ያስመልስ የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ጊዜ አልተነሳም።

እዚህ ላይ የምትመልሱልኝ መልስ አውቃለሁ፤ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። "ወንድሜ፣ ኑሮው የት እንደደረሰ አታይም? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ130 አለፈ። ስልክ ከውጭ ነው የሚመጣው። በላዩ 15 በመቶ ቫት ጨምረህ ማን ይችለዋል?"

እውነት ነው። ሻጩም የራሱ እውነት አለው። ብዙው ትንሽ ሱቅ ዕቃውን ከጅምላ አከፋፋይ ሲረከብ ለእሱም ደረሰኝ አይሰጠውም። ኪራዩን ከፍሎ፣ ልጅ ቀጥሮ፣ ምን የታሸገ እንደሆነ ሳያውቅ የሚሸጥ አለ። ሁሉም ሌባ ነው አላልኩም።

ግን ሒሳቡን አብረን እናስላው። ገንዘብ የተረፈው ሰው ስልኩ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። በእቁብ፣ በብድር፣ የሁለት ወር ደመወዝ አጠራቅሞ ለገዛ ሰው ግን ያ ስልክ ሥራው ነው፣ ቴሌብሩ ነው፣ የልጁ ትምህርት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ስክሪኑ ሲጠፋበት ሁለተኛ ለመግዛት ይገደዳል፤ ያኔ "ርካሹ" ስልክ ከውዱ በልጦ ይገኛል። 15 በመቶውን መክፈል ያቃተው ሰው መቶ በመቶውን ማጣት እንዴት ይችላል? ዋስትና የሚያስፈልገው ከማንም በላይ ለድሃ ነው። እኛ ግን ዋስትናን የሀብታም ቅንጦት አድርገን ተቀበልነው።

አሁን ወደ ሙያ አጋሮቼ ልምጣ፤ እዚሁ መተግበሪያ ላይ ዕቃ ለምታስተዋውቁ ቻናሎች። "ውስን ፍሬ ነው ያለን"፣ "ስላይትሊ ዩዝድ፣ ኮንዲሽኑ ምርጥ"፣ "መቶ በመቶ ኦሪጅናል፣ ቀድመው ይደውሉ" ትላላችሁ። ካሜራው 50 ሜጋ ፒክስል መሆኑን ትነግሩናላችሁ። ግማሹ ራም ከስቶሬጁ ተበድሮ የተጨመረ እንደሆነ ግን አትነግሩንም፤ "16 ጂቢ ራም" ብላችሁ ታልፋላችሁ። ደረሰኝ አለው ወይ? ዋስትናው ስንት ወር ነው? ቢበላሽ የት ይወሰድ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ ማስታወቂያ ስንቴ አይታችኋል? ለማስታወቂያ መቀበል ነውር አይደለም። የተከፈለበትን እንደ ምክር አድርጎ ማቅረብ ግን ነውር ነው። ደግሞም የማይቻል ነገር አልጠየቅናችሁም። እዚሁ አገር ውስጥ ስልክ መገጣጠም ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። አገር ውስጥ ለሚገጣጠም ዕቃ አገር ውስጥ ዋስትና መስጠት ተአምር አይደለም።

መንግሥትም ሱቁም ቻናሉም እስኪስተካከል ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ አልልም። ከእኔ ኪሳራ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ስልክ ስትገዙ *#06# ደውሉ። የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ጥላችሁ ውጡ። ደረሰኙ ላይም ያ ቁጥር ይጻፍ፤ "አንድ ሞባይል" ብቻ የሚል ደረሰኝ የትኛው ሞባይል እንደሆነ አይናገርም።

አይፎን "አዲስ ነው" ከተባላችሁ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብታችሁ የሞዴል ቁጥሩን እዩ። በኤም ከጀመረ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው። በኤፍ ከጀመረ ታድሶ የተሸጠ፣ በኤን ከጀመረ ደግሞ በተበላሸ ስልክ ምትክ ለደንበኛ የተሰጠ ነው። የታደሰ መግዛት ነውር የለውም፤ የታደሰውን በአዲስ ዋጋ መግዛት ነው ነውሩ።

ፓወር ባንክ ከሆነ ሚዛን ላይ አውጡት። ከ2500 እስከ 3000 ሚሊአምፒር የሚይዝ አንድ የተለመደ ክብ የሊቲየም ድንጋይ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 20,000 ለመድረስ ሰባት ስምንት ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ብቻ ከ300 ግራም ያልፋል። 50,000 የሚል ተጽፎበት 200 ግራም የሚመዝን ፓወር ባንክ ካጋጠማችሁ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ውሸታም ነው። የሰፈር ሱቅ የስኳር ሚዛን ይበቃችኋል።

ሚሞሪና ፍላሽ ከሆነ ደግሞ በተገዛ ማግስት ሞልታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። አሥራ አምስቱ ቀን የተሰጠው ለዚህ ነው። ደረሰኝ ካላችሁ ማለት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የሞተ ቻርጀር፣ ያበጠ ባትሪ፣ የማይበራ ስልክ የት ነው የሚሄደው? ጥቂቱን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ምናለሽ ተራ ደርሶ የሚጠቅመው ይወጣለታል። የቀረው ከቤት ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ይጫናል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለብቻው እንዲያዝ ደንብ ካወጣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእኛ ሰፈር ግን እስካሁን ባትሪን ለይቶ የሚቀበል ገንዳ አላየሁም። የዚህች ከተማ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተጫነው ወደ እኛ ነው፤ ወደ ቆሼ። ሦስት ሳምንት የሚያገለግል ዕቃ በገዛን ቁጥር እየገዛን ያለነው ቆሻሻ ነው፤ መድረሻውንም የኮልፌ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

እኔ ያንን የውሸት ሚሞሪ አልጣልኩትም። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። የሰውየውን ሱቅ ለማጋለጥ ብዬ አይደለም፤ ማስረጃ የለኝም፣ ማስረጃውን በቅናሽ ሸጬዋለሁ። አዲስ ዕቃ አምሮኝ ወደ መርካቶ ስነሳ መሳቢያውን ከፍቼ አየዋለሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ስትባሉ መልሳችሁ አንድ ይሁን፤ "በደረሰኝ።" ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሂዱ። አሥር ሰው ቢሄድበት በአሥራ አንደኛው ይቆርጣል።

ቸር እንሰንብት።